ሽንት ማምለጥ፦ ዓይነቱ ሳይለይ የሚጀመር ሕክምና ለምን ይከሽፋል?

«ሽንት ያመልጠኛል» ብለው ወደ ሐኪም የሚመጡ ሴቶች ቅሬታቸው ሲሰማ አንድ ይመስላል። ከበስተኋላው ያለው ችግር ግን ይለያያል። አንዷን የሚያመልጣት ስታስል፣ ስታስነጥስ ወይም ከባድ ነገር ስታነሳ ነው። ሌላዋን ሽንቷ ድንገት ይመጣና መጸዳጃ ቤት ሳትደርስ ይቀድማታል። የሦስተኛዋ ፊኛ በደንብ ስለማይራገፍ ሞልቶ ይፈሳል። አራተኛዋ ቀን ከሌሊት ሳያቋርጥ ይወርዳታል። ፊኛዋ ደህና ሆኖ ጉልበቷ ስለታመመ ወይም ዓይኗ ስለደከመ ብቻ በጊዜ የማትደርስም አለች።

ሕክምናውን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። ፊኛን የሚያዝናኑ መድኃኒቶች ድንገተኛውን የሽንት ጥድፊያ ያረግባሉ፤ ፊኛዋ የማይራገፍላት ሴት ብትወስዳቸው ግን ሽንቷ ይብሱን ይታገዳል። የሽንት መውጫ ቱቦን ከሥር የሚደግፈው ቀዶ ሕክምና በሳል ጊዜ ለሚያመልጣት ይሠራል፤ ችግሯ ጥድፊያ ብቻ የሆነውን ሴት ግን አይረዳትም፣ ጥድፊያውን ሊያባብስባትም ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ኢንፌክሽን መኖሩ ሳይረጋገጥ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ ማዘዝ ነው፤ ሴትዮዋ ወራት ታባክናለች፣ ማምለጡም እንዳለ ይቀጥላል።

ለትክክለኛ ምርመራ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ውድ አይደለም፦ በወጉ የተጠየቀ ጥያቄ፣ የሦስት ቀን የሽንት መዝገብ፣ የሽንት ምርመራ፣ ፊኛው ሞልቶ የሚደረግ የሳል ፈተና፣ ከሸኑ በኋላ የሚቀረውን ሽንት መለካት። ምርመራው የሚሳሳተውም ብዙውን ጊዜ መሣሪያ ጠፍቶ ሳይሆን ከእነዚህ አንዱ ስለሚዘለል ነው።

ጥያቄው እንዴት ይጠየቅ?

ብዙ ሴቶች አፍረው ወይም «ከወለዱና ካረጁ ያለ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ነገሩን ማንሳት ያለበት ጠያቂው ነው። «ሽንት የመቆጣጠር ችግር አለብዎት?» የሚለው ጥያቄ በቀላሉ «የለም» ያስብላል። «ባለፉት ሦስት ወራት ጥቂትም ቢሆን ሽንት አምልጦዎት ያውቃል?» የሚለው ግን እውነቱን ያወጣል።

በዚህ የሚጀምር አጭር ባለ ሦስት ጥያቄ መጠይቅ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ሁለተኛው ጥያቄ መቼ እንደሚያመልጥ ይጠይቃል፦ በእንቅስቃሴ፣ በሳልና በማስነጠስ ጊዜ ነው? ሽንት አጣድፎ ነው? ወይስ ያለ ሁለቱም? ሦስተኛው ከእነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ያስለያል። መጠይቁ ሲፈተሽ በጥድፊያ ከሚያመልጣቸው 100 ሴቶች 75ቱን፣ በጫና (በሳል፣ በማስነጠስ ወይም በእንቅስቃሴ) ከሚያመልጣቸው 100 ሴቶች ደግሞ 86ቱን በትክክል ለይቷል። ድክመቱ በሌላ በኩል ነው፤ የጫና ችግር ከሌለባቸው 100 ሴቶች 40ዎቹን «የጫና ነው» ይላል። ለመነሻ ይበቃል፤ ቀዶ ሕክምና ለመወሰን ግን በፍጹም አይበቃም።

ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። በቀን ስንት ፓድ ትቀይራለች? ስትቀይረው ረጥቦ ነው ወይስ ለጥንቃቄ ብቻ? የውኃ ድምፅ ስትሰማ ወይም ቁልፍ በሩ ላይ ስታደርግ ሽንቷ ይመጣባታል? ለመሽናት ታምጣለች፣ ፍሰቱ ይቆራረጣል፣ ከጨረሰች በኋላ የቀረ ይመስላታል? ከብልቷ የሚወርድ ወይም የሚገፋ ነገር ይሰማታል? የሆድ ድርቀት አለባት? ሰገራስ ያመልጣታል? ይህ የመጨረሻው በተለይ ሳይጠየቅ አይነገርም። የወሊድ ታሪክ፣ የዳሌ አካባቢ ቀዶ ሕክምና ወይም የጨረር ሕክምና፣ ስኳር በሽታ፣ ስትሮክ፣ ፓርኪንሰን፣ የጀርባ ጉዳት፣ የማረጥ ዘመን፣ ሁሉም ቦታ አላቸው።

የመድኃኒት ዝርዝር ላይ ሰፋ ያለ ጊዜ ቢጠፋ ብክነት አይደለም፤ አንዳንዴ መንስኤው እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ለደም ግፊት የሚሰጡት ፕራዞሲንና ዶክሳዞሲን የሽንት መውጫ ቱቦውን መዝጊያ ስለሚያላሉ በሳል ጊዜ ማምለጥን ሊያመጡ ይችላሉ። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ደረቅ ሳል ያስከትላሉ፤ ሳሉ ደግሞ የተዳከመውን መዝጊያ ይፈትነዋል። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፤ በእግር የተጠራቀመው ፈሳሽ ማታ ሲተኙ ወደ ደም ይመለስና ሌሊቱን ሽንት ይሆናል። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች የሚወሰዱበት ሰዓት ራሱ ለውጥ አለው። የቆዩት የአለርጂ መድኃኒቶች፣ የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊንና ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ፊኛው እንዳይራገፍ ያደርጋሉ። ከማረጥ በኋላ በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅንም ሽንት ማምለጥን እንደሚያባብስ ታውቋል፤ በብልት ውስጥ የሚቀባው ግን በዚህ አይጠረጠርም።

የሦስት ቀን መዝገብ

ከምርመራው ሁሉ ብዙ የሚናገረውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። የሚፈለገው መስመር ያለው ወረቀት፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ ዕቃ እና ሰዓት ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን ይያዛል፤ ቀናቱ ተከታታይ ባይሆኑም፣ የሥራ ቀንም የዕረፍት ቀንም ቢኖርባቸው ይመረጣል። በእያንዳንዱ መስመር ሰዓቱ፣ የተጠጣው ምንና ስንት እንደሆነ፣ የተሸናው መጠን፣ ከመሽናቱ በፊት ጥድፊያ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ አምልጦ ከሆነ ምን እየተሠራ ሳለ እንዳመለጠና ፓድ ተቀይሮ እንደሆነ ይጻፋል። የተኙበትና የተነሱበት ሰዓትም አይቀር፤ ያለሱ የሌሊቱን ከቀኑ መለየት አይቻልም።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ማታ ላይ ከትዝታ ሲሞላ፤ ያኔ ቁጥሮቹ ሁሉ 200 እና 300 ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ሴትዮዋ እንዳይታዘቧት ብላ በእነዚያ ቀናት ውኃ ስትቀንስ። ሦስተኛ፣ ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት በተሳሳተ ቦታ ሲቆጠር። ሌሊቱን የተመረተ ስለሆነ መጠኑ ከሌሊቱ ጋር ይደመራል፤ «ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳች» በሚለው ቆጠራ ውስጥ ግን አይገባም። ስለዚህ የ24 ሰዓቱ ልኬት ከመጀመሪያው የጠዋት ሽንት በኋላ ይጀምርና በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ጨምሮ ያልቃል።

መዝገቡ ሲነበብ ቅርጾች ይታያሉ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከ250 እስከ 400 ሚሊ ሊትር እየሸናች በእንቅስቃሴ ጊዜ ብቻ የሚያመልጣት ከሆነ ሚዛኑ ወደ ጫና ያደላል። በቀን 12 ጊዜ ከ80 እስከ 150 ሚሊ ሊትር እየሸናች በአብዛኛው ጥድፊያ የተጻፈ ከሆነ ፊኛው ያለጊዜው እየተኮማተረ ወይም በሆነ ነገር እየተቆጣ ነው። ይኸው ድግግሞሽ ጥድፊያ ካልተጻፈበት ግን ታሪኩ ይለወጣል፤ እንዳያመልጣት ፈርታ አስቀድማ የምትሸና ሴት እንዲህ ትመዘግባለች፤ መነሻው ጫና ሊሆን ይችላል። የጥድፊያው ዓምድ ባዶ ሆኖ የተመለሰ መዝገብ ግማሽ ጥቅሙን ያጣውም ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ፊኛው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። በ24 ሰዓት የሚሸናው በኪሎ ክብደት ከ40 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ሽንቱ ራሱ በዝቷል ማለት ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት መስመሩ 2,400 ሚሊ ሊትር ላይ ነው። ያኔ የሚጠየቀው ስኳር በሽታ፣ የመጠጡ ብዛትና መድኃኒት ነው። የ70 ዓመት እናት ቀኑን ሙሉ 800 ሚሊ ሊትር ሸንተው፣ ሌሊት 250 እና 200፣ ጠዋት ሲነሱ 250 ቢለኩ የሌሊቱ ድርሻ ከ1,500 ውስጥ 700፣ ማለትም 47 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ከ33 በመቶ ካለፈ ችግሩ የሌሊት ሽንት መብዛት ነው። ለእኚህ እናት ፊኛ የሚያዝናና መድኃኒት ማዘዝ ዒላማ መሳት ነው፤ መታየት ያለባቸው እግራቸው፣ ልባቸው፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው መቆራረጡና ማታ የሚጠጡት ነው።

የሽንት ምርመራ

ከመሐል የተወሰደ ንጹሕ ሽንት በዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ በሚነከር መመርመሪያ ወረቀት) ይታያል። ነጭ የደም ሴልና ናይትራይት ከማቃጠል ወይም አዲስ ከመጣ ጥድፊያ ጋር ሲገኙ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል፤ ሽንቱ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት) ይላካል። ናይትራይት አለመገኘቱ ግን ነፃ አያወጣም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አያመርቱትም፤ የሚያመርቱትም ሽንቱ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ካልቆየላቸው አይታይም። በየሰዓቱ የምትሸና ሴት ላይ ይህ መታሰብ አለበት። በሌላ በኩል፣ ምንም አዲስ ምልክት ሳይኖር ባክቴሪያ መገኘቱ ብቻ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሴቶች፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ ቢሰጥም የቆየውን ማምለጥ አያቆመውም።

ስኳር ከተገኘ የደም ስኳር ይለካል። ደም ከተገኘ በማይክሮስኮፕ ይረጋገጣል፤ የወር አበባ ከነበረ ካለፈ በኋላ ይደገማል። ኢንፌክሽን ሳይኖር ደም ካለ ግን ጉዳዩ ከማምለጥ በላይ ነው። የፊኛ ካንሰር ድንገተኛ ጥድፊያ መስሎ ሊመጣ ይችላል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ ሳይታወቅ ይዘገያል። በዓይን የሚታይ ደም አንድ ጊዜም ቢሆን በቸልታ አይታለፍም።

አካላዊ ምርመራና የሳል ፈተና

በሆድ ላይ የሞላ ፊኛ ወይም ዕጢ ይዳሰሳል፤ እግር ማበጡ ይታያል። በብልት ምርመራ ከማረጥ በኋላ የሳሳ ቆዳ፣ የማህፀን ወይም የፊኛ መውረድ፣ በሽንት መውጫ ቱቦ ሥር ያለ እብጠት ይፈለጋል። እብጠቱ ሲጫኑት ሽንት ወይም መግል ከወጣ የቱቦው ግድግዳ ከረጢት አበጅቷል፤ ከሸኑ በኋላ ሲነሱ ጠብ የሚለው ሽንት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ሴትዮዋ የዳሌ ወለል ጡንቻዎቿን እንድትጨምቅ ትጠየቅና ኃይሉ ከ0 እስከ 5 ይመዘገባል። ቁጥሩ ለኋላ ማነጻጸሪያ ነው፤ በዚያው ጊዜም በትክክል መጭመቅ ታውቅ እንደሆነ ይታያል። ብዙዎች በመጭመቅ ፈንታ ወደ ታች ያምጣሉ፤ ይህን ሳያርሙ ስፖርቱን ማዘዝ የሚጎዳውን እንድትደጋግም መንገር ነው። በመቀመጫና በብልት ዙሪያ ያለው ስሜትና የፊንጢጣ ጡንቻ ጥብቀት በደቂቃ ውስጥ የሚታዩ ናቸው፤ ወደ ፊኛ የሚሄዱት ነርቮች የሚነሱት ከዚያው የህብለ ሰረሰር ክፍል ነው።

የሳል ፈተናው ቀላል ነው፤ ሆኖም አንድ ስህተት ከንቱ ያደርገዋል፦ ከምርመራው በፊት ሴትዮዋን «ሽንት ሸንተሽ ነይ» ማለት። ፊኛው ወደ 300 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ወይም እሷ ሞላ ሲላት ይሁን። መጀመሪያ በጀርባዋ ተኝታ፣ የሽንት መውጫው በዓይን እየታየ፣ በኃይል ሦስት አራት ጊዜ ትሳል። ካልታየ እግሯን ከፍታ ቆማ፣ ከሥር ጨርቅ ወይም ፓድ ተይዞ ይደገማል። ብዙ ጊዜ ተኝታ ያልታየው ቆማ ይታያል።

የሚመዘገበው ማምለጡ ብቻ ሳይሆን ጊዜውም ነው። ሽንቱ ከሳሉ ጋር እኩል ብቅ ብሎ ከሳሉ ጋር እኩል ካቆመ የጫና ማምለጥ ተረጋግጧል። ሳሉ ካለፈ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ጀምሮ ሳያቋርጥ ከወረደ ግን ሳሉ ፊኛውን አስነስቶ እንዲኮማተር አድርጎታል። ሴትዮዋ ሁለቱንም «ሳስል ያመልጠኛል» ብላ ነው የምትነግራችሁ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። ጉልህ የማህፀን ወይም የፊኛ መውረድ ካለ የወረደው ክፍል በጣት ወይም በመሣሪያ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመልሶ ፈተናው ይደገማል። የወረደው ክፍል ቱቦውን አጥፎ ማምለጡን ሊደብቀው ይችላልና፣ መውረዱ በቀዶ ሕክምና ሲስተካከል ድንገት ይገለጣል። ይህን አስቀድሞ መንገር ታካሚዋን ከመራራ ድንጋጤ ያድናታል።

የቀረ ሽንት

ደጋግማ በጥቂቱ የምትሸናዋ ሴት መዝገብ አንድ ወጥመድ አለው። ፊኛዋ ያለጊዜው የሚኮማተር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፈጽሞ ስለማይራገፍ የሚወጣው ከላይ የተረፈው ብቻ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ልኬት ነው፤ ፊኛ የሚያዝናና መድኃኒት ከመጻፉ በፊት መደረግ ያለበትም ለዚህ ነው።

እንደልቧ ከሸናች በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በአልትራሳውንድ ወይም በቀጭን ካቴተር (ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቱቦ) ይለካል። ተራ አልትራሳውንድ ካለ የፊኛው ሦስት ስፋቶች በሴንቲ ሜትር ይወሰዱና እርስ በርስ ተባዝተው በ0.52 ይባዛሉ፤ 8፣ 7 እና 6 ቢሆን ወደ 175 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ከ50 በታች መልካም ነው፤ እስከ 100 ብዙ ጊዜ አያሳስብም፤ ከ150 በላይ ከሆነ በሌላ ጊዜ ተደግሞ ይረጋገጣል። አንድ ልኬት ማንንም አያስፈርድም፦ ሰው እየጠበቃት በችኮላ የሸናች፣ ወይም ተራ ስትጠብቅ ፊኛዋ ከልክ በላይ የተለጠጠ ሴት ብዙ ሊቀራት ይችላል። ምስል ሳያሳይ ቁጥር ብቻ የሚሰጠው ትንሽ መሣሪያም በእንቁላል ማፍሪያ ላይ ያለ ውኃ የቋጠረ ከረጢትን ወይም በሆድ የተጠራቀመ ፈሳሽን «ሽንት» ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ቁጥሩ ከሁኔታዋ ጋር ካልገጠመ በካቴተር ማረጋገጥ ይሻላል።

ሳያቋርጥ ሲወርድ

ቀንም ሌሊትም፣ ተኝታም ቆማም የሚወርዳት ሴት ላይ በመጀመሪያ ፊስቱላ (ሽንት ወደ ብልት የሚያፈስ ቀዳዳ) መታሰብ አለበት፣ በተለይ ከረጅም አስቸጋሪ ምጥ፣ ከማህፀን ቀዶ ሕክምና ወይም ከጨረር በኋላ ከጀመረ። በዓይን ካልታየ የሦስት ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) ፈተና ይደረጋል። ሦስት ጋዞች ከላይ እስከ ታች በብልት ውስጥ ይደረደራሉ፤ በካቴተር ወደ 200 ሚሊ ሊትር ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም የተቀለመ ውኃ ፊኛ ውስጥ ይገባል፤ ጥቂት ተራምዳ ጋዞቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የላይኛው ወይም የመካከለኛው ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው በፊኛና በብልት መካከል ነው። የታችኛው ብቻ ሰማያዊ ከሆነ ከሽንት መውጫው የፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የላይኛው ረጥቦ ቀለም ከሌለው ግን ሽንቱ ፊኛ ሳይደርስ፣ ከኩላሊት ከሚወርደው ቱቦ እየፈሰሰ ነው፤ የኩላሊቱ ጤና ራሱ አደጋ ላይ ስለሆነ ቀጠሮው አይራዘምም። ካቴተር ሲገባ ቀለሙ በጎኑ ፈስሶ የታችኛውን ጋዝ እንዳያበላሽ ጥንቃቄ ይደረግ።

የፊኛ ግፊት ልኬት ለማን?

ዩሮዳይናሚክስ የሚባለው ምርመራ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሠራል፤ አንዱ ፊኛ ውስጥ፣ ሌላው በፊንጢጣ ወይም በብልት። የሆድ ግፊት ከፊኛው ግፊት ይቀነስና የፊኛ ጡንቻ ለብቻው የፈጠረው ግፊት ይቀራል። በሳል ጊዜ ሁለቱም መስመሮች እኩል መውጣት አለባቸው። እኩል ካልወጡ ቱቦው ውስጥ አየር አለ ወይም ከቦታው ተንቀሳቅሷል፤ ስለዚህ በሙሌቱ ጊዜ ደጋግማ እንድትሳል ይደረጋል። ይህ ሳይፈተሽ የተነበበ ውጤት አይታመንም። ደግሞም በእንግዳ ክፍል፣ ቱቦ ገብቶባት ለጥቂት ደቂቃ የተለካች ሴት ፊኛዋ ባይኮማተር ቤቷ አይኮማተርም ማለት አይደለም።

ምርመራው ለሁሉም አስፈላጊ አለመሆኑን በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት አሳይቷል። በሳል ፈተና የጫና ማምለጥ የታየባቸው፣ ሌላ የሚያወሳስብ ነገር የሌላቸው 630 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ፦ ግማሾቹ ከቀዶ ሕክምና በፊት ዩሮዳይናሚክስ ተደረገላቸው፣ ሌሎቹ መደበኛው ምርመራ ብቻ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው 76.9 እና 77.2 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ውጤቱ ግን በደንብ ለተመረመሩና ቀላል ለሆኑት ነው። ከዚህ በፊት ተሠርቶላት ያልተሳካ፣ የነርቭ በሽታ ያለባት፣ ብዙ ሽንት የሚቀራት፣ የምትናገረውና በምርመራ የታየው የማይገጥም ሴት ከቀዶ ሕክምና በፊት ልኬቱ ያስፈልጋታል።

ድንገት በመቀመጫና በብልት ዙሪያ መደንዘዝ፣ የእግር መድከም፣ ሽንት ፈጽሞ እምቢ ማለት ወይም ሰገራ ማምለጥ ከጀርባ ሕመም ጋር ከመጡ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል አይጠበቅም። በወገብ ያሉ ነርቮች እየታመቁ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ለሌሎቹ ሕክምናው ራሱ የምርመራው ቀጣይ ክፍል ነው። የጫና ወይም የተቀላቀለ (ጫናም ጥድፊያም ያለበት) ማምለጥ ያላት ሴት ጡንቻዋን መጭመቅ በትክክል መቻሏ ከተረጋገጠ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ቢያንስ 8 ጭመቃ፣ ለሦስት ወር ትሠራለች። ጥድፊያ ላለባት ፊኛን የማስለመዱ ሥራ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይሰጠዋል። ቀጠሮው ሲደርስ የሦስት ቀኑ መዝገብ በዚያው መለኪያ ዕቃ እንደገና ይያዝና ከመጀመሪያው ጎን ይቀመጣል፤ የጡንቻው ኃይልም ከ0 እስከ 5 እንደገና ይመዘናል። ጡንቻው ከ2 ወደ 4 ወጥቶ ማምለጡ ካልቀነሰ፣ መጠኑን ከመጨመር ወይም መድኃኒት ከመቀየር በፊት የሳል ፈተናውና የቀረው ሽንት ልኬት ይደገም።